ከጉድጓዱ «አለሁ» ያለው አባል

ወላሂ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው።

ያላመነ አይመን። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ... በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ 1971 ዓ.ም.፣ ኅዳር። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ሞጣ፣ የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ግቢ።

ሙኒያ እባላለሁ። ባለቤቴ አብዱልዋሂድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አስተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ካህኑም ተሰባስበን በማኅበር ቤት ሠራን። ቤቱ የየራሳችን ነው። አጥሩ፣ የውጭ በሩ፣ ትርፍ መሬቱና መሀል ግቢው ላይ ያለው የውኃ ጉድጓድ ግን የጋራ ነው። በጋራው ነገር ማንም ብቻውን አያዝም፤ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ እጅ አውጥቶ ይወስናል። ደንባችን ይህ ነበር።

ሊቀ መንበራችን ደምለው ይባላል። «ጋሽ ደምለው» እንለው ነበር። ደንብ አዋቂ፣ ቀበሌው ሁሉ የሚፈራው ሰው።

በክረምቱ ከጋራው መሬት ቆርሶ ለወንድሙ መጋዘን መሥሪያ ሰጠ። ጉባኤ ሳይጠራ።

በስብሰባ ላይ አንድ ሰው ብቻ ተነሣ። ገብረ ኪዳን። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ፣ የጎረቤቴ የወይዘሮ አገሬ ባል።

«ጋሽ ደምለው፣ ሊቀ መንበር ጉባኤውን ይመራል እንጂ ጉባኤውን አይሆንም። መሬቱ ይመለስ» አለ።

ሳምንት ሳይሞላ ገብረ ኪዳን ጠፋ።

«ጫካ ገብቷል» አለ ደምለው።

ማንም አልጠየቀም። ያን ጊዜ የጠፋ ሰው የት ገባ ብሎ መጠየቅ ራስንም ማስጠፋት ነበር።

ከዚያ በኋላ... ጉድጓዱ ተለወጠ።

መጀመሪያ ውኃው። በዚያ ብርድ ከመሬት ሆድ የወጣ ውኃ፣ ሰው እጁን ነክሮ እንዳቆየበት ለብ ያለ።

ቀጥሎ ክዳኑ። ወፍራም የወይራ ሳንቃ ነው፤ ለሁለት ሰው ይከብዳል። ማታ ዘግተነው ጧት ተከፍቶ እናገኘዋለን።

ዶሮዎቹም ጥሬ ብንበትንላቸው እንኳ ወደ ጉድጓዱ አፍ አይጠጉም።

አንድ ረፋድ አገሬ ልትቀዳ ሄዳ ባዶዋን ተመለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሙኒያ...» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምነው?»

«ባልዲውን ስለቀው... ውኃ ላይ ሲያርፍ አልሰማሁም።»

«እና?»

«ተቀበሉኝ።»

«ማን?»

«እጅ» አለችኝ።

ያ እሑድ የተሰበሰብነው በእሷው ቤት ጉዳይ ነው። ያለ በቂ ምክንያት በተከታታይ ከሦስት ጉባኤ የቀረ አባል ይሰረዛል፣ ቤቱም ለማኅበሩ ይመለሳል ይላል ደንቡ። ገብረ ኪዳን ከሁለቱ ቀርቷል። ይህ ሦስተኛው ነው።

የደምለው ወንድም ከጧት ጀምሮ የአገሬን መስኮት በክንዱ ይለካል። ለመጋረጃ።

አገሬ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

«ጋሼ፣ በእሱ ፋንታ እኔ ልቀመጥ። ሚስቱ ነኝ።»

«ውክልና አለሽ?»

«የጠፋ ሰው እንዴት አድርጎ ይወክለኝ?»

«እንግዲህ እኔ አይደለሁም፤ ደንቡ ነው። ተቀመጪ።»

ከዚያ ስም መጥራት ጀመረ። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ የተወሰነውም ውሳኔ አይጸናም።

«አብዱልዋሂድ?»

«አለሁ» አለ ባሌ።

«ቄስ አካለ ወልድ?»

«አለሁ» አሉ ቄሱ።

«ይርጋነሽ?»

«አለሁ።»

ሌላውም በየተራው መለሰ። የገብረ ኪዳንን ስም ሆን ብሎ ለመጨረሻ አቆየው። ሁላችንም እንድንመሰክር፣ ጮክ ብሎ...

«ገብረ ኪዳን?»

ዝም።

«ገብረ ኪዳን?»

ደምለው ፈገግ አለ።

«ለመጨረሻ ጊዜ እጠራለሁ። ገብረ ኪዳን?»

«አለሁ።»

...

ድምፁ ከመካከላችን አልመጣም። ከሥር ነው የመጣው። ከጉድጓዱ።

ይርጋነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄስ አካለ ወልድ መስቀላቸውን አወጡ። እኔ «አዑዙ ቢላሂ» አልኩ።

«ነፋስ ነው» አለ ደምለው።

ነፋስ አልነበረም። የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

«ስሙን ጠሩት» አለች አገሬ። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። «አለሁ አለ። ተገኝቷል።»

ደምለው ብድግ አለ።

«ስብሰባው ተበትኗል! ያ ጉድጓድ ዛሬውኑ በድንጋይ ይሞላ!»

አብዱልዋሂድ ተነሣ። ባሌ በስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም።

«ጉድጓዱ የጋራ ነው፣ ጋሼ። ከመሞላቱ በፊት ይታይ።»

«አጀንዳ ላይ የለም!»

«እንግዲያው ይያዝልን» አሉ ቄሱ። «ጉድጓዱ ይታይ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ የይርጋነሽ እጅ... ከዚያ፣ አባል ባልሆንም፣ የእኔ... ከዚያ የሌላው። ደምለውን እያየን፣ እሱም እኛን እያየ። የደምለው ወንድም ብቻ መሬት መሬት ያያል።

ባሌ የጭነት ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ወረደ። ወንዶቹ ገመዱን ያዙ። እኔ አፋፉ ላይ ተንበረከክሁ።

«ምን ታያለህ?»

«ውኃ የለም...» የሚል ድምፅ መጣ።

ጧት ከዚያው ቀድቻለሁ። እንስራዬ እቤት ሙሉ ነው።

«ደረቅ ነው፣ ሙኒያ። አቧራ ነው ያለው።»

«ሰውስ?»

ከታች ሲዳብስ ሰማሁት።

«ሳቡኝ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮኸ፦ «አሁን ሳቡኝ!»

ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እጁ ላይ ጥንድ ጫማ ይዟል። አገሬ አይታው ተቀበለችው፤ ደረቷ ላይ አደረገችው። የማን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

«ሰው የለም» አለ አብዱልዋሂድ። «አጥንትም የለም። ጫማው ብቻ... ጎን ለጎን ተቀምጦ። ልክ ሰው አውልቆ እንደገባ።»

ሁላችንም ወደ ደምለው ዞርን።

ወንበሩ ተገልብጧል። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በማግስቱ በግንደወይን በኩል ወደ ዓባይ ሲወርድ ያዩት አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ወንድሙም ከሞጣ ለቀቀ። የአገሬን ቤት ጉዳይ በጉባኤ ያነሣ አልተገኘም፤ እስካረጀችበት ድረስ የእሷ ነበር።

ግን ያን ቀን የሆነው በዚህ አላበቃም።

ገና አፋፉ ላይ እንደቆምን፣ ይርጋነሽ ክንዴን ጨበጠችኝ። ጥፍሯ ገባ።

«እዩ...»

ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ፣ በደረቁ ሜዳ ላይ፣ የባዶ እግር ዱካ። እርጥብ።

ወደ አገሬ በር ይሄዳል።

ቄሱ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቆመን እያየን... አንድ ዱካ ተጨመረ።

ከዚያ ሌላ።

በአጠገባችን አለፈ። እርጥብ አፈር ሸተተኝ።

የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ አገሬ ከጎኔ ናት፣ ጫማውን ታቅፋ።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከዚያ... መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማን።