በሦስተኛ ክፍል ብሎግ ላይ የወጣው ስንብት

የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ ሬሳ የተገኘው ጠዋት፣ ከፎቁ ወደ ግቢው በሚወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ሥር ነው። አንድ ጫማዋ እግሯ ላይ ነበር፤ ሌላው ደረጃው መሐል ቀርቷል። ተማሪዎቹ ከበር ተመልሰው ቤታቸው ሳይደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ገባ። መምህርቷ ራሷን ገደለች ተባለ። የክፍሉ ብሎግ ላይ ስንብት ጽፋለችና ማንም አልተጠራጠረም።

ለምርመራ የተላከችውን መኮንን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። የተነገራትን ሁሉ አንጓልላ የምትይዘው ጥቂቱን ነው። ወደ ክፍሉ ገብታ እንደበራ ያደረው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች።

ብሎጉን የጀመረችው ሟቿ ነበረች። አንድ መስመር ጻፉ ሲባሉ ያለቅሱ የነበሩ ሕፃናት፣ እናትና አክስት አንብበው አስተያየት እንደሚሰጡ ሲያውቁ ለተራ ይጋፉ ጀመር። ከሥዕሎቻቸውና ከጽሑፎቻቸው በላይ የመጨረሻው መልእክት ይታያል፤

«ልጆቼ ይቅር በሉኝ:: በጣም ደክሞኛል:: መጻፋችሁን አታቁሙ::»

ወንፊት ጠቋሚውን በፊደሎቹ መሐል አንድ በአንድ አስኬደችው። የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ላይ ሲደርስ በነጥቦቹ መካከል ቆመ።

«እህ» አለችና ባልየውን አስጠራች።

አናጢ ነው። በሕፃን ወንበር ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀመጠ።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ነበር። ማታ ማታ እዚህ ከብሎጉ ጋር ነው የምታመሸው። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ትናንት ማታ ስትቀርም ተቆጥታ ዘመድ ቤት ያደረች መሰለኝ።»

«ሰሞኑንስ እንዴት ነበረች?»

«እንቅልፍ አጥታ ነበር። አንድ ልጅ የጻፈውን እየደጋገመች ታነባለች። የልጅ ፈጠራ ነው፣ ተይው አልኳት። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይፈጥርም አለችኝ።»

«ስንብቱን አይተኸዋል?»

«አንጀቴ አልቻለም።»

«ተማሪዎቿን ምን ብላ ነበር የምትጠራቸው?»

«ደራሲዎቼ ነበር የምትላቸው።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ልጆቼ የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም። እኛ አልወለድንም። እየጸነሰች ይወርድባት ነበር። ቃሉን ስትሰማ እንኳ ፊቷን ታዞራለች።»

ወንፊት ሌላ አልጠየቀችውም። ብሎጉን ወደ ታች እየሳበች ሕፃናቱ የጻፉትን ሁሉ አነበበች። «አንድ ቦታ ግለጹ» በሚለው ሥራ ሥር የአንድ ልጅ ጽሑፍ ላይ ቆመች።

«ያ ቦታ ጨለማ ነው። የጠመኔ ሽታ አለው። የድሮ ካርታዎች ተጠቅልለው ቆመዋል፣ ሰው ይመስላሉ። ካለቀስኩ ይቆያል፣ ዝም ካልኩ ይከፈታል። ሲከፈት ከረሜላ ተሰጠኝ። ከረሜላው ጨለማ ጨለማ ይላል።»

ከሥሩ ዘመድ አዝማድ «ጎበዝ! ደራሲ ይወጣሃል!» እያለ አሞግሶታል።

ቀጥላ ምክትል ርዕሰ መምህርቷን አነጋገረች። ቁጡ ናት፤ ሕፃናቱ ኮቴዋን ሲሰሙ ይበተናሉ።

«ብሎጉን አልወደውም ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «የፊደል ስሕተታችንን ለዘመድ ለባዳ ማስጣት ነው ብያታለሁ። አራት ነጥብ የት እንደሚገባ የማያውቅ ልጅ ምን ይጽፋል?»

«ታዲያ አላወቁም?»

«አወቁ።» መመስከሩ የከበዳት ትመስላለች። «ኪቦርዱ ላይ የትኛውን እንደሚነኩ ሳይቀር አሳየቻቸው። ይህንን አልነፍጋትም።»

«ካርታና ጠመኔ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ርዕሰ መምህሩ ጋ። ዕቃ ጠፋ ብለው ራሳቸው ያዙት።»

ርዕሰ መምህሩ ሽበታም፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። የከረሜላ ሳህን ወደ ወንፊት ገፋ አደረጉ።

«ውሰጂ ልጄ፣ ለሕፃናቱ የማስቀምጠው ነው። ምን ይደረግ! ልቧ ስስ ነበር። ልጅ የፈጠረውን ሁሉ ታምናለች።»

«የቱን አምና ነበር?»

ሰውየው ሳህኑን መልሰው ሳቡት። «እንዲያው በጠቅላላው ማለቴ ነው።»

«በር ላይ የተለጠፈውን የኀዘን ማስታወቂያ ማን ጻፈው?»

«ራሴ ነኝ፣ ልጄ።»

ስትወጣ በኮምፒውተር የተጻፈውን ማስታወቂያ ጠጋ ብላ አየችው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ጫፍ ላይ ስላለቀ መዝጊያው ለሁለት ተከፍሏል፤ ሁለቱ ነጥቦች ከላይ፣ ሁለቱ ከታች መስመር መጀመሪያ ላይ ቀርተዋል። ወዲያው አንዱን ፖሊስ ዕቃ ቤቱን እንዲፈትሽ ላከችው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሰዎች በሦስተኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ስንብቱን የጻፈችው መምህርቷ አይደለችም» ብላ ጀመረች። «አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው። እዚህ ግን ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመቶ ነው የተሠራው። አራት ነጥቡ ኪቦርዱ ላይ የት እንዳለ ለሕፃናት ያሳየች ሴት እንዲህ አትጽፍም።»

ምክትሏ ብድግ ብላ ኮምፒውተሩን አየችና «እኔም ብሆን እጄ ይቆረጣል እንጂ እንዲህ አልጽፍም!» አለች።

«ለዚህ ነው እርስዎን ከጥርጣሬ ያወጣሁት። ጽሑፉ ደግሞ ‹ልጆቼ› ይላል። ባሏ ቢሆን ይህን ቃል አይጽፍም ነበር፤ እንደማትለው ያውቃል።»

አናጢው አንገቱን ቀና አደረገ። ርዕሰ መምህሩ መስኮቱን ያያሉ።

«የሚቀሩት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ማስታወቂያው ላይ ያሉት ነጥቦችም እንደ ስንብቱ ናቸው። ይህ ብቻውን ሰው አያስከስስም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፋል። አንድ ልጅ ግን ካርታ የተከማቸበት ጨለማ ውስጥ ተዘግቶበት ነበር። ሲወጣ ከረሜላ ሰጡት። ማን እንደዘጋበት ለመጻፍ ስለፈራ ‹ተሰጠኝ› ብሎ አለፈው። ሰው ሁሉ ያጨበጨበለትን ጽሑፍ እሷ ብቻ አመነችው።»

በሩ ተከፈተና ፖሊሱ አንድ ስልክ ይዞ ገባ። «ከካርታዎቹ ኋላ ነው ያገኘሁት።»

«የእሷ ነው!» አለ አናጢው።

ርዕሰ መምህሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ለጥቂት ጊዜ ነው የምዘጋባቸው፣ ዝም እንዲሉ ብዬ... ለወላጆች ልደውል ነው አለችኝ፣ እዚያው ደረጃው ላይ። ስልኩን ልቀማት ብዬ ያዝኳት። አመለጠችኝ። ልጥላት አላሰብኩም።»

«ከወደቀችስ በኋላ?» አለች ወንፊት።

«ወደ ክፍሏ ገባሁ። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር።»

«ትተነፍስ ነበር?»

ሰውየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምክትሏ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ማልቀስ ጀመረች። የሚያለቅሱትን ሕፃናት «አልቃሾች» እያለች ወደ እሳቸው ቢሮ የምትልካቸው እሷ ነበረች።

በማግስቱ ወንፊት ስለ ጨለማው የጻፈው ልጅ ቤት ሄደች። እናቱ ልታቀርበው ብትሞክር እምቢ ብሎ አልጋ ሥር ገባ። መኮንኗ ወለሉ ላይ ጋደም ብላ ከእሱ ትይዩ ሆነች።

«እትዬ» አለ ልጁ፣ «እኔ ስለጻፍኩ ነው የሞተችው?»

ሥራዋ መጠየቅ ነበር፤ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም።

«አይደለም» አለችው።

ልጁ ዓይን ዓይኗን አያት። ዋሽታው እንደሆነ እየፈለገ ነበር። እሷም ዓይኗን አላሸሸችበትም። እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፣ ነገር ግን ከአልጋው ሥር አልወጣም።