ፊት ጠባብ፣ ኋላ ሰፊ

ሟቹ የተገኘው መሪውን እንደጨበጠ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው ቀይ የስፖርት መኪናው ዝናብ ባረጠበው ኩርባ ላይ ዞራ በጀርባዋ ከግንቡ ጋር ተላትማለች። የትራፊኩ ሳጅን ጎማዎቹን አንድ ጊዜ አየና ነገሩን ጨረሰው። ሰፊዎቹ ጎማዎች ፊት፣ ጠባቦቹ ኋላ ተገጥመዋል። ከአራት ቀን በፊት አራቱንም ጎማ ለባላንስ ያወለቀው ጎሚስታ ነበርና፣ ጎሚስታው ከነቱታው ተይዞ ታሰረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ሳጅኑ አልሰማም መሰለኝ።

ጉዳዩ የተመራላት መርማሪ ግን ተረቱን ታውቃለች። ባልደረቦቿ «እትዬ ሜትር» ይሏታል፤ ከእናቷ የወረሰችው የልብስ ስፌት ሜትር ከቦርሳዋ አይለይም። ያላት ዘመድ እሱ ብቻ ነው እያሉ ከኋላዋ ይስቃሉ። እሷም ትሰማለች፤ እውነት ስለሆነ አትቆጣም።

መጀመሪያ የሄደችው ጎሚስታው ወደታሰረበት ክፍል ነበር።

«እትዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ፈትቻለሁ» አላት። «ሟቹ መሐንዲስ ለዚህች መኪና ጎማ ለመምረጥ ሦስት ወር ተመላልሰውብኛል። ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳ እንዲህ አይጨነቅም!»

«ምኑ ያስጨንቃል?»

«ጉልበቷ ያለው የኋላ እግሯ ላይ ነው። ኋላዋ ካልሰፋ መሬት አትቆነጥጥም፤ ቂጧ ይሸሻል። ፊቷ ደግሞ ከልኩ ካለፈ መሪው ይከብዳል። በመጨረሻ ፊት ሁለት መቶ ሃያ አምስት፣ ኋላ ሁለት መቶ አርባ አምስት ሚሊሜትር ብለን ተስማማን። ቸርኬው አንድ ዓይነት ስለሆነ እንዳይምታታ በውስጥ በኩል ‹ፊ› እና ‹ኋ› ብዬ በቢጫ ቀለም ጽፌበታለሁ። የጻፍኩትን አይቼ ነው የመለስኩት።»

«ቡሎን ስታስር ቅባት ትቀባለህ?»

«ምን በወጣኝ! የተቀባ ቡሎን ራሱን ይፈታል። ደረቁን ነው የማስረው፣ ደንበኛ ሁሉ ያውቃል።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «የሰው ነፍስ አጠፋ ከተባልኩ ማን ጎማውን ይሰጠኛል? ልጄስ ምን ብላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች?»

መርማሪዋ ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ወርዳ ቀይዋ መኪና ሥር ተንበረከከች። ሜትሯን ዘረጋች። ፊት ያሉት ሰፊዎች ናቸው፤ በውስጥ በኩል «ኋ» የሚል ቢጫ ጽሑፍ አለባቸው። ኋላ የተገጠሙት ጠባቦቹ ትከሻቸው ተበልቷል። ነፋሱን ለካች፤ በሩ ላይ እንደተለጠፈው ወረቀት ፊት ሠላሳ ሁለት፣ ኋላ ሠላሳ ስድስት፣ አንድም ዝንፍ አላለም። ቡሎኑን በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ጣቷ ቅባት ይዞ ተመለሰ። የተሳፋሪው ወንበር ቆዳ ከሱቅ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ከሟቹ ኪስ ከተገኘው ዕቃ መካከል አንድ ዓይነት ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ አንዱ በእጅ ብዛት የጠራ፣ ሌላው ዝገት የጀመረው፣ ቀይ ክር የታሰረበት።

የሟቹ ጎረቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። በሞተሩ ጩኸት ሦስት ጊዜ ከሰውታል።

«አንድ ቀን ይገድልሃል ብዬዋለሁ። ምላሴ ይቆረጥ!» አሉ።

«ማን ይመጣበት ነበር?»

«ማንም ልጄ። እዚህ ቤት ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በሩን የሚያንኳኳው ነፋስ ነበር። እኔም የማንኳኳው ልጣላው ስሄድ ነው። አሁን ሳስበው፣ ልጣላውም ባልሄድ ኖሮ ከሰው ጋር ሳያወራ ይከርም ነበር።»

«የሞተ ዕለትስ?»

«ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚታጠፍ፣ ወደ ተራራው። ያን ጠዋት ወደ ቀኝ ታጠፈ። ያፏጭ ነበር። ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።»

«ከዚያ በፊት በነበረው ቀን?»

«ሥራ ውሎ በእግሩ ነው የተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ግን ጋራዡ ውስጥ ብረት ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። እሱ መስሎኝ ግድግዳውን ደበደብኩ።»

የጋራዡ ጓጉንቸር አልተሰበረም፤ ከሟቹ ኪስ የተገኙት ሁለቱም ቁልፎች ይከፍቱታል። ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር አለ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተጣጥፎ የተጣለ ወፍራም ናይለን አገኘች፤ ዘርግታ ለካችው። ከተሳፋሪው ወንበር ጋር ልክ ነው።

በቀኝ በኩል ያለው መንገድ የሚያደርሰው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንደኛው የተዘጋ የድንጋይ ካባ፣ ሁለተኛው የከተማ አውቶቡሶች ግቢ። የግቢው የጎማ ክፍል ኃላፊ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ትልልቅ እጆች ያሉት፣ ቃል የሚቸግረው ሰው ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?»

«ስምንት ዓመት ሆነ። እናታችን ስትቀበር ዘግይቼ ደረስኩ። ጋሼ እኔን እያየ ‹ለእንግዳው ወንበር ስጡት› አለ። ከዚያ ወዲያ ዓይን ለዓይን ተያይተን አናውቅም። ጎማ አበላሽቶ የገደለው ያ ጎሚስታ ይሰቀል!»

አጠገባቸው አንድ አውቶቡስ ጎማው እየተፈታ ነበር።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም። በየሦስት ወሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት እናዞራለን። እኩል እንዲበላ።»

«ልኩ እንዳይለያይ አታዩም?»

«ምን ይታያል? እዚህ ግቢ ጎማ ሁሉ አንድ ልክ ነው።»

መርማሪዋ የአውቶቡሱን ቡሎን ነካችና ቅባት የያዘ ጣቷን አየች። ወደ መኪናዋ ተመልሳ ለረጅም ጊዜ ሞተር ሳታስነሳ ተቀመጠች። በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛውን ባላገኘሁት ብላ ተመኘች። ዝም ብትል ግን ጎሚስታው ይቀጣል።

በማግስቱ ከሰዓት ሁሉንም በሟቹ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ሳጅኑ፣ እጁ የታሰረው ጎሚስታ፣ መምህርቷና ወንድሙ ቆመው ይሰማሉ።

«ሳጅን፣ ጎማው መለዋወጡ እውነት ነው» ብላ ጀመረች። «የለዋወጠው ግን ጎሚስታው አይደለም። እሱ ቡሎን ደረቁን ነው የሚያስረው፤ ሱቁ ሄጄ የአምስት ደንበኛ መኪና አይቻለሁ። የዚህች ቡሎን ቅባት ነክቶታል። ሁለተኛ፣ ጎማው ተለዋውጦ ብቻ ቢሆን ነፋሱ ፊት ሠላሳ ስድስት፣ ኋላ ሠላሳ ሁለት ይሆን ነበር። የለዋወጠው ሰው ግን የበሩን ወረቀት አንብቦ እንደገና አስተካክሎታል።»

«ታዲያ ገዳይ ምን ነፋስ ያስለካዋል?» አለ ሳጅኑ።

«አያስለካውም። ሊገድል የመጣ ሰው እንዲህ አይደክምም። ይህ የሚወድ ሰው እጅ ነው። ጎማ ሁሉ አንድ ልክ በሆነበት ቦታ የኖረ፣ ሲያስር ቅባት የሚቀባ፣ የጋራዡም ቁልፍ ያለው።» ቀይ ክር የታሰረበትን ቁልፍ አወጣች።

ወንድምየው ቁልፉን አየ። ከዚያ እጆቹን አየ።

«የእናታችን ክር ነው» አለ። «የኔ ቁልፍ ነው። ልደውልለት ስንት ጊዜ ስልክ አንስቻለሁ፤ ቃሉ አይመጣልኝም። የማውቀው ጎማ ብቻ ነው። ስመጣ ጋሼ የለም። የፊቶቹ ትከሻቸው ተበልቷል። ላዙርለት አልኩ። እኔ መምጣቴን እንዲያውቅ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬለት ሄድኩ።» ድንገት ወደ ጎሚስታው ዞረ። «ይሰቀል ብዬህ ነበር።»

ጎሚስታው የታሰሩ እጆቹን አንስቶ ትከሻውን ነካው።

«መምጣትዎን አውቋል» አለች መርማሪዋ። «ሦስት ወር ጎማ የመረጠ ሰው ያን ጠዋት ጎማውን አላየም። ያየው ቁልፉን ነው። የተሳፋሪው ወንበር ናይለን መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ አልተነሳም ነበር፤ የሚቀመጥበት ሰው አልነበረማ። ያን ጠዋት ግን አንስቶ ጣለው። እያፏጨ ወደ ቀኝ ታጠፈ። ካባው ውስጥ ጉዳይ የለውም። የሚመጣው እርስዎን ሊወስድ ነበር።»

መምህርቷ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሳጅኑ የጎሚስታውን ካቴና ፈታና ምን ላድርገው በሚል ዓይን ወንድምየውን ተመለከተ።

«ቀሪውን ዐቃቤ ሕግ ያየዋል» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ካቴና አያስፈልግም።»

«ስንት ሰዓት ነበር?» አለ ወንድምየው።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም።»

«እኔ እኮ የአውቶቡሶቹ ግቢ በር ላይ ቆሜ ነበር» አለ። «ይመጣ እንደሆነ ብዬ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ተቀየምኩትና ገባሁ።»