የግራ እግር ፔዳል

«ቁጭ በይ ሰሀርዬ» አለች ውቢት። «እዚህ ደረጃው ላይ ቁጭ በይ።»

ሰሀር አልተቀመጠችም። ገና አልነጋም። ከደረጃው ስር፣ የአፓርታማው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ የሰፈሩ ወንዶች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። አንድም የሚያወራ የለም። እናቷ ዙህራ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ከመካከላቸው ቆማለች። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ውቢት፣ በሌላ ቀን ድምጿ ከሕንፃ ሕንፃ የሚሰማው ውቢት፣ ዛሬ የምታወራው በሹክሹክታ ነው።

ሰሀር አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አሜሪካ፣ ክላርክስተን ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ወደ እንግሊዝኛ የሚታጠፍባት ልጅ ናት። ይህን ግን ማንም ሳያስተምራት ታውቃለች፦ ሐበሻ ሳይነጋ ተሰብስቦ ዝም ካለ መርዶ ሊያረዳ ነው። አባቷ አብዱረህማን ደግሞ ስትሮክ መትቶት ማገገሚያ ከገባ ሰንብቷል።

«ባባ ነው?» አለች።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለሸፊቅ ነው። ሸፊቅ የአባቷ የቅርብ ጓደኛ ነው፤ ኖርክሮስ ውስጥ መጋዘን ለመጋዘን እየዞረ ፎርክሊፍት፣ የጭነት ማንሻ መኪና፣ ይጠግናል።

«ኧረ አይደለም። አባትሽ ደህና ነው» አለ። «የቮልሷን ሞተር ልናወርድ ነው። ቢሮው ሳይከፈት።»

የአፓርታማው ቢሮ ግቢ ውስጥ መኪና መጠገን አይፈቅድም፤ ካየ መኪና ጎታች ይጠራል። ያ ሁሉ ዝምታ የቢሮዋ ሴትዮ እንዳትሰማ ነበር።

«ታዲያ ለምን ቁጭ በይ አልሽኝ?»

«ሻይ ልሰጥሽ ነዋ» አለች ውቢት፣ ፔርሙዟን ከፍ አድርጋ እያሳየች። «ሻይ ቆሞ ይጠጣል?»

«ሲሪየስሊ፣ እናንተ ሰዎች» አለች ሰሀር። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማንም አልሳቀም። ወንዶቹ አፍረው ወደ መኪናዋ ዞሩ።

ቮልሷ ሰማያዊ ናት፤ በዕድሜ አብዱረህማንን ትበልጠዋለች። እሱ ኮሌጅ ፓርክ፣ በሆቴል ሚኒባስ፣ ከኤርፖርቱ ሆቴል፣ ከሆቴሉ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ይውልና፣ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሷን ነው። ሞተሯም ካምቢዮዋም ከፋብሪካ ስትወጣ አብረዋት የነበሩት ናቸው። «ኦሪጅናል ናት» ይላል። ነዳጅ ማደያ ላይ ቆም ብሎ ላያት አሜሪካዊ ሁሉ፣ ሞተሩና አካሉ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን፣ ሰውዬው ቢቸኩልም ባይቸኩልም ያስረዳል። ዙህራ ኒካሁ የታሰረለት ከቮልሷ ጋር ነው ትላለች። ስትናደድ ደግሞ እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ ትላለች።

ስትሮኩ በመታው ቀን ሰሀር አጠገቡ ነበረች። ከሱቅ ተመልሰው እዚሁ ቦታ ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ማርሹን ባዶ ላይ አውሎ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ስለ ትምህርት ቤቷ እየጠየቃት ነበር። ጥያቄው መሀል ላይ ቀረ። ቀኝ እግሩ የነዳጁ ፔዳል ላይ ከበደ። ሞተሩ ጮኸ፣ ከዚያም ከጩኸት አለፈ። ሰሀር ሊያስቃት መስሏት «ባባ፣ ስቶፕ» ብላ ትከሻውን መታ አደረገችው። ትከሻው ወደ በሩ ተንሸራተተ። ቁልፉን አዙራ ስታጠፋው ከኋላ፣ ሞተሩ ካለበት፣ ብረት ከብረት ጋር ተላትሞ የሆነ ነገር ተሰብሮ ነበር።

አብዱረህማን ከዚህ አንዱንም አያስታውስም። የነገረውም የለም።

ወንዶቹ የቮልሷን ኋላ በክሪክ አነሱ። ሸፊቅ ከስሯ ገባ፤ ብሎኖቹን ፈታ፤ ሞተሩን ተጋግዘው ቀስ ብለው በካርቶን ላይ አወረዱት። ሸፊቅ ስልኩን አብርቶ ጎኑን አሳየ። ከውስጥ የተሰበረ ብረት የሞተሩን ጎን በስቶ ወጥቷል። ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል። ዘይቱ ደርቆ ጠቁሯል።

«አይጠገንም?» አለች ሰሀር።

«ወላሂ ይሄን ብየዳም አይዘው። አልቋል።»

«እንግዲያው እንደሱ ያለ አሮጌ ሞተር ፈልግና ግጠምለት» አለች ዙህራ። «እሱ ምንም አይስማ።»

«ሞተሩስ ይገኛል። ግን እሱም ፍሪሲዮን አለው።» ሸፊቅ ግራ እግሩን አንስቶ አየሩን ረገጠ። «ማርሽ በለወጥሽ ቁጥር በግራ እግር መርገጥ ነው። ሐኪሞቹ ስለ ግራ እግሩ ምን አሉሽ?»

ዙህራ ሻሿን ወደ ታች ሳበች።

«እኔ ጋ አንድ ሐሳብ አለ» አለ ሸፊቅ። «ጋራዥ ውስጥ ከተጣለ ፎርክሊፍት የተነቀለ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ። ደህና ሞተር ነው። እሱ ከገባላት ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አይኖርም፤ በቀኝ እግሩ ብቻ ይነዳታል። ግን ያኔ ለአብዱ መንገር ነው። የሞተሩንም፣ የእግሩንም።»

«አይነገረውም። ይደነግጥና ደግሞ ይመታዋል። ሲበረታ እንነግረዋለን።»

«ሲበረታ» የሚባለው ቀጠሮ ረጅም ነው። ይህን ከዙህራ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮምቦልቻ የነበሩት እናቷ የሞቱት ሰሀርን አርግዛ ሳለች ነው። እርጉዝ አይደነግጥም ብለው ደበቋት። እሷም ስንት ወር ሙሉ፣ ሰው በተገኘ ቁጥር፣ ለሞተ ሰው የስኳር መድኃኒት ስትልክ ከረመች።

«አንቺንም እንደዚህ ነው ያረጉሽ፣ ማሚ» አለች ሰሀር። «ላይክ፣ እስካሁን ይቅር አላልሻቸውም።»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

«ሰሀር» አለች ዙህራ፤ ይህ የክርክሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የድምፅ ፋይል ላከችላት። ሸፊቅ ኖርክሮስ ካለ ወዳጁ ቮልስ የቀዳው የሞተር ድምፅ ነው። አብዱረህማን ሞተር ሳይነሳ ሲቆም ይበላሻል፣ አስነስታችሁ አሰሙኝ እያለ ቀን በቀን ይጨቀጭቃቸው ነበር። «ዛሬ ስትሄጂ ይሄን አሰሚው። ከአንቺ ከሆነ ያምናል።»

ሰሀር ስልኳን ኪሷ ከተተች።

ማገገሚያው ውስጥ የሚሸተው የጽዳት መድኃኒትና የተቀቀለ አትክልት ነው። አብዱረህማን ጀርባውን በትራስ ተደግፎ አልጋው ግርጌ ያለውን የእግር መደገፊያ ሰሌዳ አፍጥጦ ያያል። የአፉ ግራ ጥግ ወርዷል፤ ቃላቱ ከከባድ ብርድ ልብስ ስር እንደሚወጡ ናቸው።

«ነይ... ልምምድ ላይ ነኝ» አለ። «ፍሪሲዮን።»

በቀኝ እጁ አንሶላውን ገለጠ። ግራ እግሩ ሰሌዳው ላይ ተደግፏል። ፊቱ ተኮማተረ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ይኸው... ረገጥኩ» አለ። ትንሽ ተነፈሰ። «አሁን ለቀቅኩ። አየሽ?»

ሰሀር አየች። ትንሿ ጣቱ እንኳ አልተነቃነቀችም።

«አየሽ?»

ዙህራ ብትሆን «ማሻአላህ፣ ከትናንት ይሻላል» ትለው ነበር። ውቢት ብትሆን ታጨበጭባለች። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ እንደዚያ ብሎት ነው የሄደው፤ ለዚህም ነው ይሄ ሰውዬ ላቡ ጠብ እስኪል ሰሌዳ ሲረግጥ የሚውለው።

«ለረመዳን... እነዳለሁ» አለ። «ሞተሩን አስነሱት? አምጪ፣ ልስማው።»

ዓይኑን ጨፈነ። መልካም ዘፈን ሊሰማ የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር።

ሰሀር ስልኳን ከፈተች። ድምፁ ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ አዳምጣዋለች፤ ምናልባት ያምነው ይሆናል። ከዚያስ? ከዚያ አንድ ቀን ደግፈው አውርደው ቮልሷ ውስጥ ያስቀምጡታል። ጎረቤቱ ሁሉ ዙሪያውን ይቆማል። እሱ ረገጥኩ ይላል። ፔዳሉ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

አውራ ጣቷ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ፋይሉን አጥፍታ ስልኩን አልጋው ላይ ደፋችው።

«ባባ፣ እግርህ አልተነቃነቀም።»

ዓይኑን ገለጠ።

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ኮሪደሩ ላይ የምሳ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። ሰሀር አሁን ካቆመች ዳግም እንደማትጀምረው ገባት።

«ሞተሩም የለም። ያን ቀን፣ ስትሮኩ ሲመታህ፣ ቀኝ እግርህ ነዳጁ ላይ ቀረ። ሞተሩ ጮኾ ጮኾ ተሰበረ። አጠገብህ ነበርኩ። ዛሬ ጋሽ ሸፊቅ አወረደው፤ ጎኑ ተበስቷል፤ አይጠገንም። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ሰሀር የእናቷን «ደግሞ ይመታዋል» እያሰበች ደረቱን ታያለች፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። መውረድ በዘገየ ቁጥር የነርሷን መጥሪያ በዓይኗ ትፈልጋለች።

«ማሚ ሌላ አሮጌ ሞተር ይግባና አይነገረው ብላለች። ጋሽ ሸፊቅ ደግሞ የኤሌክትሪክ አለኝ ይላል። ከፎርክሊፍት የወጣ። ፍሪሲዮን የለውም። በቀኝ እግርህ ብቻ ትነዳታለህ። ኦሪጅናል አትሆንም። አይ ኖው። ግን መኪናዋ ያንተ ናት፣ አንተ ነህ የምትወስነው።»

አብዱረህማን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ የሚታይ ነገር የለም፤ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። እንባው አገጩ ጋ ደርሶ ቆመ፤ አልጠረገውም። ሰሀርም አልጠረገችለትም፤ እንዳታሳፍረው ፈርታ።

በመጨረሻ ቀኝ እጁ ወደ ታች ወርዶ አንሶላውን ያዘ። ጎተተና ግራ እግሩን ሸፈነው። አንዱ ጫፍ አልደርስ አለው፤ ሰሀር ተነስታ አስተካከለችለት።

«ከፎርክሊፍት» አለ።

«አዎ።»

«ኤርፖርት... ጭነት ማውረጃው ጋ፣ ሲርመሰመሱ ነው የሚውሉት። አውቃቸዋለሁ።» ዓይኑን ከግድግዳው አላነሳም። ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ አወጣቸው። «ሸፊቅን በይው... ወደ ኋላ ሲሄዱ ጢጥ ጢጥ የሚሉበትን ነገር፣ እሱን አይግጠምብኝ።»