ጣሪያውን የሚያየው ቬንትሌተር

በሩ ሲሰበር መጀመሪያ የወጣው ነፋስ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ደገፉ ትከሻውን እያሻሸ ገባ። አምፑሉ በርቷል። አቶ ተክለጻድቅ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ዓይናቸው አልተከደነም። በሩ አጠገብ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ቬንትሌተሩ አንገቱን ግራና ቀኝ እያዞረ ይነፍሳል። አንዴ ሬሳውን ያያል፣ አንዴ የተሰበረውን በር፣ ደግሞ ይመለስና ሬሳውን።

ከደገፉ ኋላ የገባው መምህር ማሞ ነው፤ የሟቹ የእህት ልጅ፣ እሳቸው ከሕፃንነቱ ያሳደጉት።

«ነፋስ ነው የመታቸው» አለ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ። «ይህን ነገር አጥፋልኝ።»

ደገፉ ማጥፊያውን ተጫነ። በረንዳው ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ቃሉን ተቀባበለው። ነፋስ መታቸው። ነፋስ መታቸው። የኛ ሰው ከጅብ ይልቅ ነፋስ ይፈራል፤ ማንም አልተጠራጠረም።

ደገፉ ሬሳ አይቶ የሚደነግጥ ሰው አልነበረም፤ የፖሊስ ሥራው ነው። የዚያን ዕለት ግን ከሬሳው ዓይኑን መንቀል አቃተው። እኚህ ሰውዬ ዳኛ ቢመጣ፣ ባላባት ቢመጣ ከወንበራቸው ንቅንቅ አይሉም፤ ለእሱ ግን ይነሱ ነበር። «ኧረ ይቀመጡ ጋሼ» ቢላቸውም አይሰሙም። ከተማው «የመንግሥት ልብስ ፈርተው ነው» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ መንገድ ላይ አስቁመው «እሑድ ምሳ እኔ ቤት ነህ፤ እንዳትቀር» አሉት። ምሳ የሚያበላላ ቅርበት ስላልነበራቸው ግራ ገብቶት ነው የዋለው።

እንግዲህ ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ሶዶ መብራት የምታየው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የከተማው ሞተር ዱግ ዱግ ይልና በየቤቱ አምፑሉ ቦግ ይላል። ያኔ ሰው ሁሉ ያለውን ሥራ ትቶ አጠገቡ ላለው «እንዴት አመሸህ» ይላል። ያን ሐሙስ ማታም መብራት ሲመጣ ደገፉና ማሞ ሻይ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። «እንዴት አመሸህ» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነው፣ ራት ይዛ የመጣችው ወጥ ቤት ሽማግሌውን በመስኮቱ አይታ የጮኸችውን ጩኸት የሰሙት።

ደገፉ የግቢውን ዘበኛ ሻንቆን በረንዳው ላይ አቆመው።

«ዛሬ ማን ገባ?»

«መጀመሪያ ቦሼ። ወተት ይዛ ገባች። ቆየች። ለቅሶ ሰማሁ። እያለቀሰች ወጣች።»

«ከእሷ በኋላ?»

«መምህሩ። ሲወጣ በሩ ላይ ሆኖ ‹ደህና አምሹ ጋሼ› ብሎ ዘግቶ ሄደ። ከዚያ መብራት መጣ። መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«መብራት ሲመጣ ነው ሁልጊዜ የሚቀረቅሩት። ሁልጊዜ እዚህ ነው የምቀመጠው።»

መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ ነው። በሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ቁስል የለም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዱባለ ሬሳውን አገላብጦ አየና ከአልጋው ሥር የተቀመጠውን የወተት ኩባያ አነሳ። ባዶ ነው።

«በሩን በገዛ እጃቸው ቀርቅረው ከሞቱ ገዳያቸው ሆዳቸው ውስጥ ነው የገባው» አለ። «ይህን ወተት ማን ሰጣቸው?»

 በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ቦሼን አያት። ነፋሱ ተረሳ።

ቦሼ የቤቱ ወጥ ቤት ነበረች፤ ከጣሊያን በፊት ጀምራ። ለደገፉ ደግሞ አክስቱ ናት። አባቱ ቦልቴ በልጅነቱ ሲሞት የእህትነቷን ድርሻ ተወጥታ፣ ከምትሠራበት ቤት ደመወዟን እያመጣች ያሳደገችው እሷ ናት። ያን ማታ እጇን ይዞ ወደ ጣቢያ የወሰዳት እሱ ራሱ ነው። ምን ያድርግ፤ ሌላ ሰው ቢይዛት አይወድም።

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ደገፉ ጠየቃት።

«ምን አሉሽ?»

«አልናገርም።»

«ለምን አለቀስሽ?»

«ምያለሁ፤ እስከ እሑድ አልናገርም።»

«አክስቴ፣ ሰኞ መኪናው ወደ ይርጋለም ፍርድ ቤት ይወስድሻል። እዚያ የሚጠብቅሽ ገመድ ነው።»

ቦሼ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ደረቱ ወረደ። «ቁልፍህ ሊበጠስ ነው» አለች። «ኮትህን ስጠኝ፣ ልስፋልህ።»

ደገፉ ተነስቶ ወጣ። እንባው መጥቶበት ነበር።

«ከጉዳዩ ላስወጣህ ይገባ ነበር» አለው ሻምበሉ በረንዳው ላይ። «ግን ሌላ ሰው የለኝም። ያለህ ጊዜ እስከ ሰኞ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ደገፉ ክፍሉን እንደገና ሊያይ ሲመጣ የቤቱ ድመት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ፊቷን ትልሳለች።

«ሌባ ናት» አለ ሻንቆ። «ማታ ሰው ሁሉ ሲጮህ እሷ ኩባያው ውስጥ የቀረውን ወተት ጨረሰች።»

ደገፉ ድመቷን ተመለከታት። ደህና ናት፤ እንዲያውም ወፍራለች። ገብቶ ትራሱን አነሳና ገለበጠው። በታችኛው በኩል ጨርቁ በጥርስ ተነክሶ ተጨማዷል፤ ዳርና ዳሩ ላይ የደም ነጠብጣብ አለበት። ዱባለ ተጠርቶ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። አቶ ተክለጻድቅ በትራሳቸው ታፍነው ነው የሞቱት።

ሻምበሉ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ድመት ፍርድ ቤት ቀርባ አትመሰክርም። ትራሱንስ ይሁን ብለን እንቀበል። አፍኖ የገደለው ሰው በየት ወጣ? በሩን ከውስጥ ማን ቀረቀረው? መልስ ከሌለህ እኔ ያለችኝ ቦሼ ብቻ ናት።»

ዓርብ ቀትር ላይ ቀብር ሆነ። ሶዶ እንዳለች ወጣች። ከበዴሳ፣ ከሁምቦ ጭሰኞች መጡ። ማሞ ከሬሳው ፊት ፊት እየሄደ አለቀሰ፤ ሰው ደግፎ ይዞት ነበር። ደገፉ ሥራው ላይ ነው። ዱላውን ይዞ ሕዝቡን ገለል በሉ፣ መንገድ ስጡ ይላል። አፈሩ ሲመለስ ቆቡን እንኳ አላወለቀም።

ከቀብር ሲመለሱ ማሞ ጎኑ መጥቶ ቆመ።

«አንድ ነገር ልለምንህ ደገፉ። ቬንትሌተሩን ለማስታወሻ ልውሰደው።»

«ምርመራው ይለቅ።»

«የዕቃ ነገር ምን ያደርግላችኋል? ዛሬ ብወስደው ደስ ይለኛል።»

ደገፉ እሺም እንቢም አላለውም። ሰውዬው የተውት ከዘራ አለ፣ ዳዊት አለ፣ በወርቅ ፍሬም የተሰቀለ ፎቶግራፍ አለ። ከዚህ ሁሉ መርጦ፣ ሟቹ ሲጠሉት የኖሩትን ዕቃ? ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ሟቹ ቬንትሌተሩን መጥላታቸው ከተማው የሚያውቀው ነው። አገሩን ለቆ የሄደ አንድ ግሪክ ነጋዴ ነው የሰጣቸው። አምና ተበላሽቶ ማሞ ፈታትቶ ሲሠራው ደገፉ አጠገቡ ነበር፤ ማሞም እንደ ተማሪዎቹ አስረዳው። ክንፎቹን የሚያዞረው ዘንግ በጀርባ በኩል እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ አለው። ያ ጥርስ ትንሽ ጎማ ያዞራል፤ ጎማው ከአንገቱ ሥር ያለችውን ክንድ ይገፋል ይስባል፤ ራሱ ግራና ቀኝ የሚሄደው በዚህ ነው። ከአናቱ ላይ ያለችው ጉጥ ወደ ታች ከተጫነች ጥርሱ ይያያዛል፤ ወደ ላይ ከተሳበች ይለቃል፤ ራሱም ባለበት ይቆማል። አንገቱ ላይ ያለው ብሎን ሲላላ ደግሞ ፊቱ ቀና ወይም ዝቅ ይላል። «ራሱን በእጅህ ያዘውና ሞክር» ብሎት ነበር ማሞ። «ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ጉልበቱ የበሬ ነው።»

አቶ ተክለጻድቅ ግን «እየዞረ እንዲመታኝ ነው?» አሉ። ጉጧን ወደ ላይ ሳቡ። ፊቱን ወደ ጣሪያ አቀኑ። «ዝንቡን ያባርር፣ እኔን አይንካ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ቬንትሌተሩ ጣሪያ ሲያይ ነው የኖረው።

ሐሙስ ግን ጣሪያ አላየም።

ቅዳሜ ደገፉ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይህን አሰበ። ጉጧ እንደ ተጫነች ናት። ፊቱ ዝቅ ብሏል፤ የክንፎቹ መከለያ ሽቦ ጠርዝ ከበሩ መቀርቀሪያ ጋር በቁመት እኩል ነው። ነፋስ የሚፈሩ ሽማግሌ ይህን አያደርጉም። ሽቦውን ፈታና እጁን ከክንፎቹ ኋላ ሰደደ። ዘንጉ ላይ አንድ ነገር ተጠምጥሟል። ሲስበው መጣ፤ ቀጭን፣ የሚያንሸራትት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክር። ጫፉ ላይ ቀለበት የመሰለ ቋጠሮ አለ።

የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ከማሞ ጋር በሁምቦ ቁልቁል እየወረዱ አባያ ሐይቅ ዳር ይጥሉት የነበረው ዓይነት ክር። ቋጠሮውንም ያውቀዋል፤ ያስተማረው ማሞ ነው።

 ሟቹ የተኙበት አልጋ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ የማን አልጋ እንደሆነም ረሳው። ትንሽ ቆይቶ ሻንቆን ጠራው።

«ሐሙስ መብራት ሲመጣ ‹እንዴት አመሹ› አላልካቸውም?»

«ብያለሁ እንጂ። ሁልጊዜ እላለሁ።»

«ምን ብለው መለሱ?»

ሻንቆ መለስ ብሎ አሰበ። ፊቱ ላይ ድንጋጤ ሲመጣ ደገፉ እያየ ነው።

«አልመለሱም» አለ። «መቀርቀሪያው ቀጭ አለ እንጂ እሳቸው አልመለሱም። ሁልጊዜ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይላሉ። እኔ ከቦሼ ጋር ተጣልተው የተቆጡ መሰለኝ።»

ደገፉ ለማሞ ሰው ላከበት። «ቬንትሌተሩን መጥተህ ውሰድ።»

ማሞ አመሻሹ ላይ ነጠላውን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቆ መጣ። ሻምበሉና ዱባለ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሲያያቸው እርምጃው ቀነሰ፤ ግን ተቀመጠ። ደገፉ የተጠገነውን በር ከፍቶ ክፍሉ ባዶ መሆኑን አሳያቸውና መልሶ ገጠመው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ማሞ።

«መብራት» አለ ደገፉ።

ሞተሩ ከታች ዱግ ዱግ አለ። አምፑሉ ቦግ አለ። ሻንቆ ከልማዱ የተነሳ ወደ በሩ ዞሮ «እንዴት አመሹ ጌታዬ» አለ።

ከውስጥ ቬንትሌተሩ ማጓራት ጀመረ። ቀጥሎ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

ሻንቆ አማተበ፤ የጸሎት ቤት ሰው፣ ፕሮቴስታንት ሆኖ ማማተቡን እንኳ አላወቀም። ዱባለ ግድግዳውን ተደገፈ። ሻምበሉ ተነስቶ በሩን ገፋው፤ አልተከፈተም። ዞሮ ማሞን አየው፤ ሁሉም አየው።

«ክሩ አንድ ጫፉ ሽቦው ላይ ታስሯል፣ ሌላው በቀለበት መቀርቀሪያው እጀታ ላይ ገብቷል» አለ ደገፉ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ማጥፊያውን እንደ በራ ትተኸው ወጣህ። መብራት ሲመጣ ራሱ ይዞርና ክሩን ይስባል። ሲመለስ ክሩ ይላላል፣ ቀለበቱ ይወልቃል፣ ክንፎቹ ይጠመጥሙታል። አንተ ያን ጊዜ ከእኔ ጋር ሻይ ትጠጣለህ። ሻይ ልጋብዝህ ያልከኝ ለዚህ ነው?»

ማሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ፣ «አንተን ሁሉም ያምንሃል» አለ።

«ቦሼስ?»

«ነፋስ መታቸው ይላሉ ብዬ ነበር። ብለውም ነበር፤ ሰምተሃል። ቦሼን አላሰብኳትም።»

«ከታሰረች በኋላስ አላሰብካትም?»

ማሞ የነጠላውን ጫፍ ማጠፍ ጀመረ።

«ምክንያቱን ንገረን» አለ ሻምበሉ። «ያሳደጉህ ሰው ናቸው።»

ማሞ የሚያየው ደገፉን ነው። «ማክሰኞ ጠሩኝ። እሑድ የንስሐ አባታቸውንና ሽማግሌዎቹን ጠርተው፣ የገዛ ልጅ እንዳላቸው ሊናገሩ መሆኑን ነገሩኝ። ቤቱም መሬቱም የእሱ ነው አሉ። ደስ የሚለኝ መስሏቸው እየሳቁ ነው የነገሩኝ። ‹ወንድም አገኘህ› አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጃቸው እኔ ነበርኩ።»

«ማን ነው ልጃቸው?» አለ ደገፉ።

«ቦልቴ ልጅ አልነበረውም፣ ደገፉ። የወለደችህን ሴት ሐሙስ ማታ በገዛ እጅህ አሰርካት።»

 ከወንበራቸው ይነሱለት የነበሩት ሽማግሌ በደገፉ ዓይን ፊት መጡ። ዱላ ይዞ ሕዝብ ሲገፋ፣ ቆቡን ሳያወልቅ የቆመበት መቃብር መጣ። አባቱን ዘበኛ ሆኖ ነው የቀበረው። ለማሞ ካቴና ያስገባለት ሻምበሉ ነው፤ የደገፉ እጅ አልታዘዝ ብሎት ነበር።

ቦሼን ያን ማታ ለቀቋት። ደገፉ ፊቷ ሲደርስ ምን ሊጠይቃት እንደመጣ ገባትና መሬት መሬት አየች።

«ለእሳቸው ነውር ነበር፤ ወጥ ቤታቸው ነኝ» አለች። «ለእኔም በጸሎት ቤቱ ዘንድ ነውር ነበር። ወንድሜ ‹ስሜን ይውሰድ› አለ። ሐሙስ ጠርተውኝ ‹እሑድ እናገራለሁ፣ እስከዚያ በእግዚአብሔር ስም ዝም በይ› አሉኝ። ከደስታ ነው ያለቀስኩት።»

«ሊሰቅሉሽ ነበር እኮ።»

«ምያለሁ አልኩህ።»

እሑድ ለምሳው የተገዛው በግ ጓሮ ታስሮ ይጮኻል። የሚያርደው አልነበረም። ደገፉ በምሳ ሰዓት መጣ፤ እንዳትቀር ተብሏልና አልቀረም። ቬንትሌተሩ ተወስዶ ጠረጴዛው ባዶ ነው። የኮቱ ቁልፍ አሁንም በክሩ ተንጠልጥሏል። ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ቦሼ ሽሮ በሰሃን ይዛ፣ እንደ ወትሮዋ ከጓሮ ዞራ በበረንዳው በር ገባች።

ደገፉ ከወንበሩ ተነሳ።

«ኧረ ተቀመጥ» አለች፤ ደነገጠች።

እሱ ግን አልተቀመጠም። ማን ብሎ እንደሚጠራት ገና አላወቀም፤ አክስቴ ማለት ከአፉ ጠፍቷል፣ ሌላው ቃል ገና አልመጣለትም። ቦሼ በዚያ ቤት ስትኖር በዚያ ጠረጴዛ ተቀምጣ በልታ አታውቅም። ሰሃኑን ከእጇ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ እስክትቀመጥም ቆሞ ጠበቃት።