የአራሷ ነዶ

«ገመዱን ከነበረበት መልሺ ብያለሁ!»

ሰርካለም አልመለሰችም። የነዶ መሸከሚያውን ገመድ በክንዷ ጠምጥማ በሩ ላይ ተገትራለች። ከጉና ተራራ በኩል የተነሣው ደመና እየጠቆረ መጥቶ፣ ሰማዩ ኅዳርን ትቶ ነሐሴን መስሏል። ከቤታቸው በታች ባለው ማሳ ላይ ደግሞ ሰሞኑን ያጨዱት ስንዴ ገና ሳይከመር ነዶ ነዶው እንደተጋደመ ነው።

«አባዬ፣ ደመናው አይታይህም?»

«ይታየኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ዛሬ ኅዳር ጽዮን ናት። ማርያም ናት።»

አባቷ ንጉሴ እንዲህ ነው። በሰፈሩ በበዓል አክባሪነቱ የታወቀ ሰው ነው፤ በማርያም ቀን እንኳን ማጭድ ሊይዝ የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ አይቀጥልም። አንዴ አይሆንም ካለ ወይ ፍንክች።

የሰርካለም ቆሽት አረረ። ሚድ ፈተናዋን ጨርሳ ከመካነ ኢየሱስ ድረስ በእግሯ የመጣችው ስንቅ ልትይዝ ነው። ከተማ ውስጥ ከጓደኛዋ ከዮርዳኖስ ጋር ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው በዚሁ ስንዴ ነው። አባቷም መስከረም ላይ፣ «ስንዴው በደህና ከገባ ትማሪያለሽ፤ ካልገባ ግን ዘንድሮን እቤት ትቆያለሽ» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል።

«አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው አልን፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ናት አልን፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል አልን፣ ዛሬ ማርያም፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጊዮርጊስ! ስንዴው መቼ ይግባ? በጳጉሜን?»

«ሰርኬ፣ አፍሽን ሰብስቢ።»

«አልሰበስብም! ስንዴያችን ሲበሰብስ ማርያም ደስ ይላታል? እሷም እናት አይደለች?»

ንጉሴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ወደ ማሳው በአገጩ ጠቆመ።

«ስንዴው የማያሳስበኝ ይመስልሻል?» አላት። «ዛሬ ከቅዳሴው አንድ ቃል አልሰማሁም። ያንቺን ስንቅ ሳስብ ነው የቆምኩት። ግን ልጄ፣ እግዚአብሔርን የምታዘዘው ሲመቸኝ ብቻ ከሆነ፣ የታዘዝኩት ለራሴ እንጂ ለእሱ አይደለም።»

«ፌር አይደለም!»

«እሱን ተይው» አለ። ድንገት ብድግ አለ። ዓይኑ ከነሱ ማሳ አልፎ ሄዷል።

ከማሳቸው የድንጋይ ወሰን ማዶ የጎረቤታቸው የየሺ ገብስ አለ። የሺ ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ባሏ ዋሴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ እስካሁን አልተመለሰም፤ ስልኩም አይሠራም። ገብሱን ሰፈርተኛው በደቦ አጭዶላታል፣ የሚከምርላት ግን አላገኘችም። አራስ ነፋስ እንዳያገኛት ደጅ አትወጣም፤ ይኸው የሺ ግን ሕፃኑን አዝላ ማሳው መሐል ጎንበስ ብላ ነዶ ታነሣለች። አንዱን አነሣች፣ ሆዷን ይዛ ቆመች፣ እንደገና ጎንበስ አለች።

«የማን ያለህ! አራሷ ናት?» አለ ንጉሴ። ገመዱንም ከሰርካለም ክንድ ላይ መንጭቆ ቁልቁል ሮጠ።

ሰርካለም ተከተለችው። እየሮጠች ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ተመስገን፣ ገመድ ያዘ! ማሳው ላይ ሲደርስ ግን አባቷ የራሱን ስንዴ አንዲት ነዶ ሳይነካ አልፎ ወሰኑን ተሻገረ።

«የሺ! ምን ነክቶሽ ነው? ልጁን ይዘሽ ግቢ!»

«ማን አለኝ አያ ንጉሴ?»

«እኔ አለሁ። ግቢ ብያለሁ!»

የሺ እያለቀሰች፣ እየመረቀችው ወደ ቤቷ አዘገመች። ንጉሴ ጋቢውን ጥሎ የገብሱን ነዶ ይከምር ጀመር። ሰርካለም ከወሰኑ ወዲህ፣ በራሳቸው ስንዴ መሐል፣ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ጉድ እኮ ነው!» ብላ ጮኸች። «የኛን በዓል ነው ብለህ የሷን ትከምራለህ? ከራስ በላይ ነፋስ ሲባል ሰምተህ አታውቅም?»

ንጉሴ የታሰረ ነዶ በጀርባው እንደተሸከመ ቆመ። «የኔን ብነካ ለሆዴ ነው። ይኼ ግን…» አለና ነዶውን ጀርባው ላይ አመቻቸ። «እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ሰርኬ። ጠዋት አትንካ ያለኝ ልቤ አሁን ተሸከም አለኝ። ተሳስቼም እንደሆነ የምጠየቀው እኔው ነኝ።»

«የምቀረው ግን እኔ ነኝ! ከትምህርቴ የምቀረው እኔ!»

 የንጉሴ ፊት እንደተመታ ሰው ሆነ፤ እሷም አየችው።

በዚህ መሐል አያ ቢሻው በታች በኩል ብቅ አሉ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። የሰፈሩ የማርያም ማኅበር መሪ ናቸው፤ ማኅበርተኛው «ሙሴያችን» ይላቸዋል።

«ንጉሴ! አብደሃል? በማርያም ቀን ነዶ ትሸከማለህ? በረዶ ልትጠራብን ነው?»

በዓል ከተሻረ በረዶ ይወርዳል ይባላል፤ በረዶው ደግሞ የሻሪውን ማሳ ከሌላው ለይቶ አይመታም። ስለዚህ በዓል የሻረ ሰው የሰፈር ሁሉ ጠላት ነው።

«የአራስ ገብስ ነው፣ አያ ቢሻው። ባይሆን አንድ ጫፍ ይያዙልኝ።»

«እኔን ከኃጢአትህ ልታስገባኝ? የማንም ገብስ ይሁን! የሚመጣው ወር ጽዋ አንተ ቤት ነበር። አይገባም! ከማኅበሩም ትወጣለህ።»

ንጉሴ ነዶውን ከጀርባው አወረደ። አያቱም አባቱም የጠጡበት ማኅበር ነው። ለዚያ ጽዋ ሲባል የሰርካለም እናት ማንጠግቦሽ ብቅሉን አብቅላ፣ ጌሾውን ወቅጣ አስቀምጣለች። አሁንም ቤተ ክርስቲያን ቆይታ የምታስበው ስለዚያው ድግስ ይሆናል።

«በስሟ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ አይጠፋም እየተባባልን አይደለም ወይ በየወሩ ጽዋውን የምናነሣው?» አለ ንጉሴ። «ሲነገር ነው እንዴ ደስ የሚለን?»

አያ ቢሻው ወደ ሰርካለም ዞሩ። «አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ። የራሳችሁ ስንዴ ሜዳ ላይ ተበትኖ የሰው ገብስ ይከምራል። ምከሪው እንጂ!»

እሷም አሁን የጮኸችው ይህንኑ ነበር። አንድ ቃል ጣል ብታደርግ ሁለት ሆነው ያስቆሙታል። አባቷም በዓሉን ያከብራል፣ ጽዋውም አይቀርበትም። ግን ነገሩ ከሳቸው አፍ ሲወጣ አስጠላት።

«አያ ቢሻው፣ በየት በኩል መጡ?»

«በየት ልመጣ ኖሯል? በዚሁ በታች ነዋ።»

«እትዬ የሺን ታዲያ አላዩአትም?»

«እንዴት አላያትም? ቅድም በዚሁ ስወርድ ነዶ ስታነሣ አግኝቼ፣ አራስ ሆና በዓል ትሽራለች እንዴ ብዬ ገሥጬያት አለፍኩ።»

ሰርካለም እሳት ለበሰች። «ገሥጸዋት አለፉ? ሕፃን አዝላ፣ ሆዷን ይዛ ስትንገዳገድ አይተው ገሥጸዋት አለፉ? ግቢ እንኳ አላሏትም? አባቴን ከማኅበር የሚያስወጡት እርስዎ ነዎት? ነውር ነው! በእመቤታችን ቀን እናትን እንዲህ ማድረግ ነውር ነው!»

«ሰርካለም!» አለ ንጉሴ።

 ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። በዚህ ሰፈር ልጅ በሽማግሌ ላይ እንዲህ አይጮህም፤ እሷም ጮኻ አታውቅም።

«ግሩም ነው። ልጅህንም እንዲህ አድርገህ አሳድገሃታል» አሉ አያ ቢሻው። ዝናቡ ሳይጀምር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሽቅብ ሄዱ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ የሰርካለምን ግንባር መታች።

«እኔ ይኼን ሳልጨርስ አልሄድም» አላት አባቷ። «አንቺ ግን የራሳችንን ልሰብስብ ካልሽ ሰብስቢ። አልከለክልሽም። አልፈርድብሽምም።»

ሰርካለም ከድንጋዩ ወሰን ላይ ወጣች። በወዲህ በኩል ስንዴው አለ፤ ብቻዋን ብትሮጥ ዝናቡ ሳይጠነክር ግማሹን ትሰበስበዋለች። በወዲያ በኩል ገብሱ አለ፤ ሁለት ሆነው ቢረባረቡ ያልቃል። ዮርዳኖስ ስትሸኛት «ወንበርሽን ይዤ እጠብቅሻለሁ፣ እንዳትቀሪ» ያለቻት ትዝ አላት። ስንዴውን አየችው። የሺ ቤት ሕፃኑ ሲያለቅስ ይሰማል።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ወደ ገብሱ ዘለለች።

«ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ!» አለች ነዶ እያቀበለችው። «ተናድጃለሁ!»

«እኔም ተናድጃለሁ» አለ ንጉሴ።

«በማን? በአያ ቢሻው?»

«በሳቸውም፣ በራሴም። የዚህች አራስ ገብስ ስንት ቀን ሜዳ ላይ ሲያድር እያየሁ የራሴን ሳጭድ ነበር። ዛሬ አክባሪ ሆኜ ተቀመጥኩ፤ አቀብይኝ።»

አቀበለችው። የክምሩን ራስ በሣር ሲከድኑ ዝናቡ ወረደ። በረዶ አልነበረበትም፤ ዝም ብሎ የሚያበሰብስ ዝናብ ነው። አባትና ልጅ ከክምሩ ሥር ተጠግተው የራሳቸው ስንዴ ሲረጥብ አዩ። ሰርካለም አለቀሰች፤ ለመደበቅም አልሞከረች። ንጉሴ እግዚአብሔር ያውቃል አላላትም፣ አይዞሽም አላላትም። ከክምሩ ሥር ያኖረውን ጋቢውን አንሥቶ ደረበላት።

«ነገ ሃያ ሁለት ነው» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «በዓል የለም፣ አይደል?»

«የለም።»

«እንግዲያው ወፍ ሳይንጫጫ እነሣና ነዶውን እየገለበጥኩ አሰጣለሁ። የተረፈው ይተርፋል። አንተም ትነሣለህ።»

«እነሣለሁ።»

«እማዬንም እንቀሰቅሳታለን።»

ከአባቷ እጅ ገመዱን ተቀበለች። ለነገ እንዳይረጥብባት ጠቅልላ ከጋቢው ሥር፣ ደረቷ ላይ አቀፈችው።