ያልገጠመው ወረቀት

እሑድ እሑድ የኢንስፔክተር ምስራ ስልክ ለሥራ ካልሆነ በቀር ጠርቶ አያውቅም። ያን ዕለትም ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ብቻዋን የቀዘቀዘ ምሳዋን ስትበላ ተደወለላት። ሶማሌ ተራ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ኢምራን የሚባል የሠላሳ አራት ዓመት ሠራተኛ ሞቶ ተገኝቷል።

መርካቶ ዝግ ነበር። ምስራ በተቆለፉት ሱቆች መሀል ስታልፍ የገዛ ኮቴዋ ይሰማት ነበር።

ሟቹ ወደ ቆጡ በሚያወጣው መሰላል ሥር ተጋድሟል፤ ማጅራቱ ላይ ቆስሏል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «ከመሰላሉ ወድቆ ነው» አላት። ምስራ ጎንበስ ብላ የመሰላሉን እርከኖች አየች። የወረቀት ብናኝ እንደ ዱቄት ተኝቶባቸዋል፤ የረገጣቸው ሰው የለም። በአንጻሩ ጠረጴዛው አጠገብ የቆመው የወረቀት መቁረጫ ማሽን አንዱ ጠርዝ ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

ጠረጴዛው በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ገለጠችው። አሥራ ሁለት ወረቀቶች በፕላስተር ተያይዘው አንድ ትልቅ ካርታ ሆነዋል፦ ወንዝ፣ ጫካ፣ የፈረሰ ግንብ፤ ሁሉም በካሬ የተከፋፈለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፍልሚያ ካርታ ነው» አለቻት የሟቹ ጓደኛ ዱንያ፣ በለቅሶ በጎረነነ ድምፅ። «ኢምራን ታሪክ ይፈጥራል፤ እኛ የታሪኩን ሰዎች ሆነን እንጫወታለን። ዳይስ እየጣልን ቆርኪ በካሬዎቹ ላይ እናንቀሳቅሳለን። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት። ካርታውን ይስላል፣ ያትማል፤ እኔ አጣብቅለታለሁ። ይሄን ትናንት ከሰዓት ነው ያጣበቅነው። ታሪኩን ግን እስኪጀመር ለማንም አይናገርም።»

«ስታጣብቁት ሁሉም ገጥሞ ነበር?»

«ፀጉር አያስገባም ነበር።»

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሙህዲንም ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው። «እሑድ ቁልፉ ኢምራን ጋ ነው» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ከዱንያ ጋር ስንደርስ በሩ ገርበብ ብሏል።»

ሦስተኛው አቶ ፍስሐ ናቸው፤ አውቶቡስ ተራ ትኬት የሚቆርጡ፣ ሃምሳን ያለፉ ሰው። አንድ የወረቀት እስር ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ።

«ኢምራንን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ያለፈው እሑድ። ዛሬ ከሥራ በቀጥታ ስመጣ እነሱ ቀድመውኝ እያለቀሱ ነው የደረስኩት።» ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ከሱ ሌላ ሰው የለኝም። የመጨረሻዋን ጨዋታ እንኳ ሳንጫወት...»

ምስራ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። ከዚያ የሟቹን ስልክና ኮምፒውተር ስትመረምር ቆየች። ስትጨርስ ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ኢምራን መሰላሉ ላይ አልወጣም» አለች። «የሞተው እዚህ ነው፤ ከማሽኑ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ። ደሙ ካርታው ላይ ተረጭቷል። ገዳዩ ሰውየውን ወደ መሰላሉ ጎተተው፤ የተበላሸውን ወረቀት አንስቶ በምትኩ ሌላ አተመ። ኮምፒውተሩ ዛሬ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ አንድ ወረቀት ብቻ መታተሙን ይናገራል። እዚህ ጋ ተመልከቱ።»

በጣቷ የወንዙን መስመር ተከተለች። አንዱ ወረቀት ላይ ሲደርስ ተሰበረ። ካሬዎቹም ከጎረቤቶቻቸው ያንሳሉ።

«ፕሪንተሩ ‹ምስሉን በወረቀቱ ልክ ላድርገው?› ብሎ ያተመውን ሰው ጠይቆት፣ እሺ ብሎታል» አለ ሙህዲን ሳያስበው። «ያኔ ያሳንሰዋል። እኛ እንደዚያ አናትምም።»

«አንተ ስለምታትም አትሳሳትም። ዱንያም ስለምታጣብቅ አለመግጠሙን ወዲያው ታየው ነበር። ይህን ያደረገው መጫወት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ምስራ የሟቹን ስልክ አነሳች።

«ኢምራን ትናንት ማምሻውን ደሴ ላለች እህቱ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ ‹ዛሬ ቆረጥኩ፤ አባባን ላስታምም ጠቅልዬ እመጣለሁ።› ሁለታችሁ ታውቁ ነበር?»

ዱንያና ሙህዲን ተያዩ። አያውቁም።

«ከዚያ ወዲህ ለማንም አልደወለም፣ አልጻፈምም። አቶ ፍስሐ፣ እርስዎ ግን ‹የመጨረሻዋ ጨዋታ› አሉኝ። ካለፈው እሑድ ወዲህ ካላዩት፣ የመጨረሻዋ መሆኗን ማን ነገረዎት?»

አቶ ፍስሐ ለመካድ አልሞከሩም። «ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተራ መጥቶ ‹ለእርስዎ አስቀድሜ የምነግርዎት አለኝ፤ በጊዜ ይምጡ› ያለኝ እሱ ነው» አሉ። «‹ጋሼ፣ መሄዴ ነው› አለኝ። እኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። እሑድን ነው የምጠብቀው። ተናደድኩ፤ ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ጠራሁት፣ ጠራሁት...»

«ወረቀቱስ?»

ከጃኬታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «መጣል አቃተኝ። ገልጬም አላየሁትም።»

ምስራ ዘረጋችው። ከደረቀው ደም አጠገብ፣ በግንቡ ደጅ ካሬ ውስጥ፣ ደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። አነበበችው። ከዚያ ጮክ ብላ እንድታነበው ለዱንያ አቀበለቻት።

«‹እዚህ ካሬ ስትደርሱ እኔ ዝም እላለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ታሪኩን የሚነግሩት ጋሼ ፍስሐ ናቸው። ዱንያና ሙህዲን፣ ብቻቸውን እንዳትተዉአቸው።›»

አቶ ፍስሐ ወደ ወረቀቱ ተጠጉ። «ድገሚልኝ» አሉ።

ዱንያ እያለቀሰች ደገመችላቸው። ምስራም ዱንያ አንብባ እስክትጨርስ ካቴናውን አላወጣችም።