የቸኮለው ወይን

«ወንድሜ፣ ወይን ጠጅ ነው እንጂ ሾርባ አይደለም! እጅህን ልታሞቅበት ነው? እግሩን ያዝ!»

ለእሱ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ሌላ ደንበኛ ቢሆን የመደብሩን ባለቤት ይጠራብኝ ነበር። እሱ ግን የብርጭቆውን እግር በሁለት ጣቱ ያዘና፣ «እሺ፣ የኔታ» አለኝ።

አናጺ ነው። ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም። የምሠራበት የወይን ጠጅ መደብር ሐሙስ ሐሙስ ያስቀምሳል፤ እኔ እቀዳለሁ፣ አስረዳለሁ። ዲፕሎማ የለኝም። እንግዶች ከብርጭቆ ሥር ያስቀሩትን እየቀመስኩ፣ መጽሐፍ እየተዋስኩ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ስለዚህ ማንም እንዲያርመኝ አልወድም፤ ማንም ደግሞ አይጠጋኝም። ቤቴ ያለው አንድ ወንበር ነው። ሁለተኛ ገዝቼ ለማን?

እሱ ግን ሐሙስን አያጓድልም። «የዚህስ ታሪኩ ምንድን ነው?» ይለኛል። ዝናብ ስለራቀው ኮረብታ፣ በርሜሏን ለልጇ ስላወረሰች መበለት... እነግረዋለሁ። እሱ ሲሰማኝ ድምፄ ለራሴ ያምረኛል!

አንድ ሐሙስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«ሳታዪው ቅመሽና ፍረጂ።»

ቀመስኩ። ጥርሴ ጠረሰ። ዙሪያችን ሰው ነበር፤ ሰው ሲኖር ደግሞ አፌ ይስላል።

«ጥሬ! ፍሬው ሳይደርስ ነው የተለቀመው። ሰውዬውን ምን አጣደፈው? ሞት ያባርረው ነበር እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «አባቴ ነበር።»

ቡሹን መልሶ ወተፈና ወጣ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣም። ከዚያ በኋላም አልመጣም። ማታ ብቻዬን እራቴን ስበላ ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት... ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲጮህ ኖሯል?

በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሥራ ቦታው ሄድኩ። በር እየላገ ነበር። ቀና አላለም።

«ጥሩ ነው ልትይኝ ከሆነ ተመለሽ።»

«ጥሩ አይደለም» አልኩት። «ዛሬም ጥሬ ነው። ግን ስለ ሰውዬው ሳልጠይቅ ፈረድኩ። ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

መላጊያውን አስቀመጠ።

«ሐኪሙ ለመከሩ እንደማይደርስ ነገረው። ሳይበስል ለቀመው፤ በገዛ እጁ ጨመቀው። ዘመዱ ሁሉ ‹ግሩም ነው› እያለ ብርጭቆውን ሳይጨርስ አስቀመጠ። እኔም ምን እንደቀመስኩ አላወቅሁም። አንቺ ዘንድ መማር የጀመርኩት ለዚያ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሰው ፊት አሳቅሁበት።»

«ችኮላውን የቀመስሽለት አንቺ ብቻ ነሽ። ያናደደኝም እሱ ነው... እውነት መሆኑ!»

ጠርሙሱን አወጣ። ፊታችን እየተጨማደደ እስከ መጨረሻው ጠጣነው። ስለ አባቱ አወራኝ፤ የወይኑን ሐረግ እያንጎራጎረ ይገርዝ እንደነበር፣ ከራሱ በፊት ለውሻው እራት ያቀርብ እንደነበር። ሲያወራ አለቀሰ። እኔም ሳላቋርጥ ሰማሁት። መስማት እንደምችል ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ፣ «ማሳው ዘንድሮም አፍርቷል» አለኝ። «ብቻዬን መልቀም ፈራሁ።»

«ቅዳሜ ሥራ የለኝም» አልኩት።

ውሸቴን ነበር። ቅዳሜ መደብራችን ሰው በሰው ላይ የሚሆንበት ቀን ነው። ባለቤቲቱ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች፤ እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቴ ሰው ብትልክብኝም የለሁም፤ ከእሱ ጋር ማሳው ላይ ነኝ።